ተለቅሞ የማያልቅ ምስር

ባለፈው ኅዳር፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ጎሮ ካለው የልጄ ኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ ፀሐይ እየሞቅኩ ሳለሁ፣ የልጅ ልጄ ሚካል ከሕንፃው ሥር የለቀመቻቸውን ጠጠሮች አንድ በአንድ ባዶ የወተት ጣሳ ውስጥ መጣል ጀመረች። ቀው፣ ቀው፣ ቀው። ከላያችን አውሮፕላን ሲያልፍ ድምፁ ይዋጣል፣ አውሮፕላኑ ሲርቅ ይመለሳል። እኔ ግን በእጄ የያዝኩትን ሻይ አስቀመጥኩት፤ ስድሳ ምናምን ዓመት ያልሰማሁት የእናቴ ድምፅ ነበርና። እናቴ አትጮህም፣ አታለቅስም ነበር፤ ድምፅዋ ይኸው ነበር፣ ጠጠር ጣሳ ውስጥ ሲወድቅ።

ያኔ እዚህ ሕንፃ አልነበረም። የጤፍና የሽምብራ ማሳ ነበር፣ ከማሳው ማዶ ወንዝ፣ ከወንዙ ማዶ ወደ ቦሌ የሚወስደው የእግር መንገድ። ቤት ውስጥ የምንናገረው ኦሮምኛ ስለነበር እናታችንን አዮ እንላት ነበር፤ ለጎረቤት ግን ጫልቱ ናት፣ ያውም ልበ ሙሉዋ ጫልቱ። አትደነግጥ፣ አትከፋ ይሏት ነበር። ሰው ሞቶ ሲለቀስ እንኳን ሌላውን የምትደግፈው እሷ ነበረች። እኔ የመጨረሻ ልጅ ስለነበርኩና ከጓዳዋ ስለማልጠፋ፣ ሌላው ያላየውን እያየሁ ነው ያደግኩት።

ክረምት ሲገባ አባቴ በአህያ ጭድ ጭኖ፣ ታላቅ እህቴ ደግሞ ወተቷን ተሸክማ፣ በጠዋት ወንዙን ተሻግረው ወደ ቦሌ ይሄዱ ነበር። ከሰዓት በኋላ ሰማዩ በየረር ተራራ በኩል ሲጠቁር፣ አዮ ምንም ሳትል ተነሥታ ሰፌዷን ታወርድና፣ ምስር ዘርግፋ፣ ጣሳዋን ጉልበቷ አጠገብ አድርጋ መልቀም ትጀምር ነበር። ዝናቡ በጠነከረ ቁጥር ጣቶቿ ይፈጥናሉ፣ ከንፈሯ ይደርቃል፣ በዚያ ብርድ ግንባሯን ያልባታል። «አዮ፣ አመመሽ እንዴ?» ስላት፣ «ሆማ ሚቲ» ትለኝ ነበር፤ ምንም አይደለም ማለቷ ነው። አባቴና እህቴ በስብሰው ሲገቡ ቀና ብላ እንኳን ሳታያቸው፣ «መጣችሁ? እግራችሁን ታጠቡ» ትላለች። አባቴም እየሳቀ፣ «እኛን ጎርፍ ሊወስደን፣ እሷ ምስሯን!» ይል ነበር።

መስከረም ጠብቶ ወንዙ ሲጎድል ነገሩ የሚያበቃ መስሎኝ ነበር። አላበቃም። እህቴ ውኃ ልትቀዳ ሄዳ ስትዘገይ ሰፌዱ ይወርዳል፣ አባቴ ከገበያ ሲቆይ ሰፌዱ ይወርዳል፣ ሁላችንም ቤት ተቀምጠን፣ ፀሐይ ወጥታ፣ ምን እንደመጣባት እሷም ሳታውቀው ሰፌዱ ይወርድ ነበር። አንድ ቀን በጓዳው በር ቀዳዳ ሳያት፣ ምስሩን ጥርት አድርጋ ለቅማ ጨርሳ ዝም ብላ ተቀምጣለች። እጆቿ ጉልበቷ ላይ እንደ ወባ በሽተኛ ይንቀጠቀጣሉ። ከዚያ ጣሳውን አንሥታ የለቀመችውን ጠጠር በሙሉ መልሳ ምስሩ ላይ ዘረገፈችው፤ ደባለቀችውና ከመጀመሪያው ጀመረች። እጇም ጸጥ አለ። እኔ ሞኙ ጨዋታ መስሎኝ አፌን ይዤ ሳቅኩ።

በጥር የጎረቤታችን የእትዬ ዘነበች ልጅ ልታገባ፣ የሰፈሩ ሴቶች ዳስ ሥር ተሰብስበው ለድግሱ ምስር ይለቅሙ ነበር። አዮ ሦስት ሰፌድ ስትጨርስ ሌሎቹ አንዱን አላገባደዱም። እትዬ ዘነበች ቀልደኛ ነበሩና፣ «ኧረ ጫልቱ፣ ቀስ በይ! አንቺ እጅ የገባ ጠጠርማ ነፍስ ይማር!» አሉ። ሴቶቹ ሳቁ። ሳቃቸው ደስ አለኝ፤ እኔም ላስቃቸው ፈለግኩ።

«አዮ እኮ ቤት ስትሆን ጠጠሩን መልሳ ትጨምረዋለች! ለቅማ ከጨረሰች በኋላ! በየቀኑ!» አልኩ።

«እንዴ! ሥራ ጠፍቶባት ነው? እኔ ቤት ትምጣ እንጂ!» አሉ እትዬ ዘነበች፣ ዳሱም በሳቅ ተናጋ። አዮም አብራ ሳቀች። አጠገቧ የነበሩ አንዲት አሮጊት ግን ሳይስቁ ትክ ብለው ሲያይዋት ቆዩና፣ «ጫልቱ፣ እጅሽ ምን ሆኖ ነው?» አሏት። ያን ጊዜ ሁሉም የእጇን መንቀጥቀጥ አየ።

ማንም ክፉ አልነበረም፤ እግዜር ያሳያችሁ፣ ሁሉም የሚያደርገው ለእሷ ብሎ ነበር። አባቴ አዘነ፣ ትንሽም አፈረ፣ ፀበል ወስዷት ሁለት ሳምንት ተቀመጡ። በሁዳዴ ጾም ሲመለሱ አክስቴ እኛ ቤት ገብታ የጓዳውን ሥራ ተረከበች። «እሷ ትረፍ» ተባለ። ሰፌዱ ግድግዳው ላይ ከፍ ብሎ ተሰቀለ፤ ምስር ስትነካ ካዩዋት፣ «ኧረ ተዪ፣ ይኼ ነገር ይመለስብሻል!» እያሉ ከእጇ ይቀበሏት ነበር። አዮ ከዚያ ወዲያ እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ደብቃ መቀመጥ ለመደች። ነጠላው ሲንቀጠቀጥ የማየው እኔ ብቻ ነበርኩ።

የበልግ ዝናብ ድንገት የጣለ ቀን፣ አባቴ ከወንዙ ማዶ ነበር፣ አክስቴም ጎረቤት ሄዳለች። በርጩማ ላይ ቆሜ ሰፌዱን አወረድኩና፣ አንድ እፍኝ ምስር ከደጅ ከለቀምኩት ጠጠር ጋር ደባልቄ ጭኗ ላይ አስቀመጥኩላት። ትክ ብላ አየችው። ከነጠላዋ አንድ እጇን አወጣችና፣ ወደ ምስሩ ሳይሆን ወደ እኔ ራስ ሰደደችው፤ «ሆማ ሚቲ፣ ልጄ» አለችና ሰፌዱን መለሰችልኝ። አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረች፣ ሰውም «ጫልቱ ድናለች» ይል ነበር።

እንግዲህ ያን እሑድ ይኼን እያሰብኩ ሳለሁ፣ ሚካል ጣሳዋን አስቀምጣ ወደ ጆሮዬ ተጠጋች።

«አባባ፣ አንድ ነገር ልንገርህ፣ ግን ድምፅህ እንዳይሰማ። ማሚ ዩኒፎርሜን ተኩሳ ስትጨርስ ውኃ ትረጭበትና መልሳ ትጨመድደዋለች! ከዚያ እንደገና ትተኩሰዋለች! ባቢ ሲመጣ እነግረዋለሁ፣ በሳቅ ነው የሚሞተው።»

አባቷ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፣ ከመንገድ የሚመለሰው በሳምንት አንዴ ነው። እናቷ፣ ልጄ አስቴር፣ አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ ትሠራለች፤ የሕንፃው ሰው «አስቱ እኮ ጭንቀት አታውቅም» ይላታል። የሚካልን እጅ ሳላስበው ጨብጬ ያዝኩት።

«ለባቢም፣ ለማንም እንዳትነግሪ።»

«ለምን? ሚስጥር ነው?»

«አዎ፣ ሚስጥር ነው።»

ተነሥቼ ገባሁ። አስቴር ካውያውን ይዛ ቆማለች፣ ከንፈሯ ደርቋል።

«ልጄ፣ ምን ሆነሽ ነው?»

«ምንም አልሆንኩም አባዬ። ሻይህ ቀዘቀዘ እንዴ?»

«ሐኪም ብናይስ?»

«ለምኑ? ደህና ነኝ እኮ፣ አታስብ» አለችና ሳቀች። ያ ሳቅ የዳሱ ሳቅ ነበር፣ እናቴ አብራ የሳቀችው።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ጠይቄያታለሁ፣ ሁለቴም ስለ ሻይ ነው የመለሰችልኝ። እኔ አራተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ ሰው ነኝ፣ ከዚህ የተሻለ ቃል የለኝም። ለባሏ ልንገረው ብዬ ስነሣ ሰፌዱ ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ይታየኛል፤ ዝም ልበል ስል ደግሞ በየሳምንቱ ጣቶቿ እየቀጠኑ ሲሄዱ አያለሁ። ወንዙ ዛሬ በድልድይ ይታለፋል፣ በክረምትም ማንንም አይወስድም። አዮ ግን ብትኖር ካውያውን አይታ ወዲያው ታውቀው ነበር። ያኔ ተናገርኩ፣ እናቴ መደበቂያዋን አጣች። አሁን ዝም አልኩ፣ ልጄ መደበቂያዋ ውስጥ ብቻዋን ቀረች።

ያን እሑድ ወደ በረንዳው ተመልሼ ተቀመጥኩ። ከውስጥ ካውያው ውኃ በነካ ቁጥር ፍስስ ይላል። ሚካል ጣሳዋን ሞልታ ነበርና፣ ጠጠሮቹን መሬት ላይ ገለበጠቻቸውና ከመጀመሪያው መጣል ጀመረች።