«አጥፋው ልጄ»

የዛሬ ሦስት ሳምንት፣ ሐሙስ ከምሳ በኋላ፣ ሐዋሳ ፒያሳ ያለችው የሞባይል ጥገና ሱቃችን ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። ብቻዬን ስሆን ደግሞ ኢንጂነሩ እኔ ነኝ...

ለማታውቁኝ፣ አስራ አንድ ዓመት መናኸሪያ ጫኝና አውራጅ ነበርኩ። ወገቤ እምቢ ሲል የማታ ትምህርት ገባሁ፤ ፊደል ቆጠርኩ፤ ከዚያ የሱቁ ባለቤት ሙባረክ ጋ ሞባይል መፍታት ለመድኩ። ኩንታል ሲያነሳ የኖረ እጅ ዛሬ በዓይን የማትታይ ብሎን በወረንጦ ያነሳል። አትቅኑ፣ ተማሩ።

እማማ ማርታ ገቡ። ከአዲስ ከተማ ሰፈር በባጃጅ የመጡ፣ ስልካቸውን ነጠላቸው ጫፍ ላይ የቋጠሩ እናት ናቸው።

«ልጄ፣ ድምፁ ታፈነብኝ» አሉኝ።

የባላቸው ድምፅ ነው። ጋሽ ጴጥሮስ ካረፉ ሁለት ዓመት ሊሞላቸው ነው። በሕይወት እያሉ የላኩት አንድ የድምፅ መልዕክት አለ። እማማ ማርታ ማንበብ ስለማይችሉ ጎረቤት ጠዋት ጠዋት ትከፍትላቸዋለች፤ ይሰማሉ፤ ቀናቸው ይጀምራል።

ስፒከሩን ፈታሁ፣ ጠረግኩ፣ ገጠምኩ። አስር ደቂቃ አልፈጀብኝም። ከፈትኩት።

«ማርታዬ፣ ዓሳ ይዤ እየመጣሁ ነው። ትልቅ ነው። ዘይት እንዳታበዢበት፣ ያለፈውን ለሁለተኛ ጊዜ ገደልሽው!» ...ከዚያ ሳቅ። ሆድ ውስጥ የሚገባ ሳቅ።

መንገደኛው ሁሉ ዞረ። እማማ ማርታ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው «አጥፋው ልጄ፣ አጥፋው፣ ሰው እየሰማ ነው» አሉ።

ተጣድፌ ስነካው ጣቴ መልዕክቱ ላይ ቆየት አለች መሰለኝ፣ አንዲት ትንሽ ሳጥን ብቅ አለች። ስልኩ በአማርኛ ነው የሚሰራው። ሁለት ቃል ብቻ። አንዱ «ይቅር» ይላል። አንዱ «አጥፋ» ይላል። እኔ ደግሞ ማንበብ እችላለሁ! ቶሎ አነበብኩ፣ ቶሎ ነካሁ።

ዝም አለ።

ጎበዝ... መብራት ስታጠፉ መልሳችሁ ታበሩታላችሁ። ይሄኛው «አጥፋ» ግን ከነስሩ ነው የሚነቅለው። መልዕክቱ የነበረበት ቦታ ባዶ ሆነ።

ሙባረክ ከሶላት ሲመለስ ስልኩን ኮምፒውተር ላይ ሰካነው። እማማ ማርታ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ፤ እየጠገንን መስሏቸዋል። ከአንድ ሰዓት በላይ ቆፈርን። የድሮ የሰርግ ፎቶ ተመለሰ። የማን እንደሆነ የማናውቀው ፍየል ፎቶ ሳይቀር ተመለሰ... ያ ሳቅ ግን የለም። በሆዴ «ጌታዬ፣ መናኸሪያ መልሰኝ፣ ሁለት ኩንታል ጫንብኝ፣ ይህቺን አንድ ሳቅ ብቻ መልስልኝ» አልኩ።

ሙባረክ በጆሮዬ «ስልኩ አርጅቶ ራሱ በላው በላቸው። ማን ያውቃል?» አለኝ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ልክ አፌን ስከፍት እሳቸው «የታፈነውን የከፈተ እጅ፣ ጌታ ይባርከው» ብለው መረቁኝ። አለቀልኝ።

«እማማ... አጥፍቻለሁ» አልኳቸው።

«ጎሽ። አጥፋው አላልኩህም?»

«አይደለም... ድምፁን አጥፍቼዋለሁ።»

«አዎ እኮ! ሰው ሲሰማው ደስ አይለኝም። ቤት ስገባ ይበራል።»

አማርኛ እንዲህ ጠላቴ ሆኖ አያውቅም።

«አይበራም እማማ። ጋሽ ጴጥሮስ... ከስልኩ ውስጥ የሉም። እኔ ነኝ ያስወጣኋቸው።»

አልጮሁም። ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር። ስልኩን ተቀብለው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡትና «እንግዲህ ሁለቴ ቀበርኩት» አሉ።

ከዚያ ቀና አሉ። «የቱን ነው የነካኸው? አሳየኝ።»

በራሴ ስልክ ያችኑ ሳጥን አውጥቼ አሳየኋቸው። «ይሄ አጥፋ ይላል።»

«አጠገቡ ያለውስ?»

«ይቅር ይላል። እሱን ብነካ ኖሮ... ይቀር ነበር።»

ስንቆፍር ከታች ያገኘናት፣ ጎረቤቲቱ ከፍታት የማታውቅ፣ ሌላ አጭር የጋሽ ጴጥሮስ የድምፅ መልዕክት ነበረች። ልከፍትላቸው እጄን ስሰድ እጄን በጥፊ መቱኝ።

«አንተ አትንካ! እኔ ነኝ የምነካው። አስተምረኝ።»

ካርቶን ቀድጄ ሁለቱን ቃላት በትልቁ ጻፍኩላቸው። ይ... ቅ... ር። አ... ጥ... ፋ።

«አጥፊው በባለ ሁለት እግሩ ፊደል ነው የሚጀምረው» አልኳቸው።

«አውቀዋለሁ፣ ፊት ለፊቴ ቆሟል» አሉኝ።

ሙባረክ ሳቀ። እኔም ልስቅ ነበር፣ አልወጣልኝም። እስኪመሽ ደጋገምነው። በመጨረሻ መልዕክቱን ራሳቸው ነኩት።

«ሃሎ... ማርታ? ይሰማል?... አይሰማም መሰለኝ።»

«ይሰማል» አሉ እማማ ማርታ፣ ለስልኩ።

እኔ ዞር ብዬ የወደቀ ብሎን ፈለግኩ። የወደቀ ብሎን አልነበረም።

በሳምንቱ ከቸርች አራት ሴቶች ይዘው መጡ። «ያጠፋው እሱ ነው፣ የሚያስተምረውም እሱ ነው» ብለው አስተዋወቁኝ። አሁን ሐሙስ ሐሙስ የሱቁ ጓዳ ውስጥ በካርቶን ሰሌዳ አስተምራለሁ። ያን ሁሉ ዓመት የሰው ሻንጣ ስሸከም ስሜን የጠየቀኝ አልነበረም፤ ዛሬ አምስት እናቶች ቀድመውኝ መጥተው በር ላይ ይጠብቁኛል። መምህር ነኝ እኮ! ...ዓሳ ዘይት ላይ ሲንጫጫ ግን ያ ሳቅ ይመጣብኛል። ዓሳ መብላት ትቻለሁ። ሐዋሳ እየኖርኩ!

እማማ ማርታ ከክፍሉ ሁሉ ቀድመው «ይቅር» የሚለውን ያነባሉ... ለእኔ ግን እስካሁን አላሉኝም።