ውሃ ውስጥ እግር አይነሳም

ባለፈው ሳምንት የልጄ ልጅ የእንግሊዝኛ የቤት ሥራዋን ይዛ መጣችና «እማማ፣ ‹ዌድ› ምን ማለት ነው?» አለችኝ። አፌን ሳልከፍት ስልኳ ቀደመኝ፤ «በውሃ ውስጥ በእግር መሄድ» ብሎ መለሰላት። ጻፈችው፣ ደብተሯን ዘጋች፣ ወጥታ ሄደች። እኔ ያንን ቃል እስከ ጭኔ ርሼ የተማርኩ ሰው ነኝና፣ እንዲህ በቀላሉ ሲያልፍ ሳይ እውነቱን ለመናገር ተናደድኩ።

ልጅ እያለሁ፣ በደርግ ጊዜ፣ የምንኖረው ቡሹሎ በምትባል የሐይቅ ዳር መንደር ነበር። አባቴ ዓሣ አስጋሪ ነው። ቤታችን፣ ልብሳችን፣ ደብተሬ ሳይቀር ዓሣ ዓሣ ይሸታል፤ አጠገቤ የሚቀመጡትም ያው የአስጋሪ ልጆች ስለነበሩ ማንም ማንንም አይጸየፍም። ስምንተኛ ክፍል ስደርስ አባቴ ቁርጡን ነገረኝ። «ሚኒስትሪ ካለፍሽ ትማሪያለሽ። ካላለፍሽ ከኔ ጋር መረብ ትጠግኛለሽ።» አባቴ አንድን ነገር ሁለት ጊዜ የሚናገር ሰው አልነበረም። መረብ መጠገኑንስ እችልበት ነበር። እኔ የምፈልገው ግን አስተማሪ መሆን ነበር፤ እልኸኛ ደግሞ እንደኔ አልነበረም።

እንግሊዝኛ የሚያስተምሩን ቲቸር አስረስ ይባሉ ነበር። ከጎጃም ደጋ የመጡ፣ ቀጭን፣ ጫማቸውን በየጠዋቱ የሚወለውሉ ወጣት ነበሩ። ሐይቁን ሲፈሩት ለጉድ ነው። ጉማሬ በሌሊት መጥቶ በራቸውን የሚያንኳኳ ይመስላቸው ነበር። አንድ ቀን ታዲያ ‹ዌድ› የሚለውን ቃል ሰሌዳ ላይ ጻፉና ትርጉሙን ሊያሳዩን ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ጠቀለሉ። ከዚያ ደርግ በየክፍሉ ግድግዳ ባሰቀላቸው በሦስቱ ጺማም የሶሻሊዝም መሪዎች ሥዕል ፊት፣ እሾህ ላይ እንደሚሄድ ሰው እግራቸውን ከፍ ዝቅ እያደረጉ ከበሩ እስከ መስኮቱ ተራመዱ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

«ምን ያስቃል?» አሉ።

«ቲቸር፣ እንደሱ ከሄዱ እኮ ይወድቃሉ» አልኩ እኔ፣ አፌ አያርፍምና።

ውጪና አሳዪን አሉኝ። አባቴ መረብ ሲጥል እንደሚሄደው ሄጄ አሳየኋቸው። ዱላ ይቀድማል፤ እግር መሬቱን እየዳበሰ ይጎተታል እንጂ አይነሳም፤ ዓይን ደግሞ ማዶ ላይ ይተከላል፣ ምክንያቱም ውሃውን ያየ ሰው ራሱ ይዞርበታል። ቲቸር አስረስ አልተቆጡም። የጠቀለሉትን ሱሪ ወደ ታች መልሰው ከኋላዬ እየተከተሉ እግራቸውን ጎተቱ። ከዚያ የቃሉን ሌሎች አገባቦች አስጻፉን፤ ረጅምና አሰልቺ መጽሐፍን ታግሎ መጨረስም በዚሁ ቃል ይነገራል፣ ሳይጠሩት በሰው ነገር ውስጥ ዘው ማለትም እንዲሁ። ይህንን ሲያስጽፉ እኔን አየት አደረጉኝ።

የፈተናው ቀን ደረሰ። የምንፈተነው ከተማ ነው። ያን ሰሞን ሰማዩ ተቀዶ ሰንብቶ ነበርና በጠዋት ተሰብስበን ስንወጣ ሐይቁ ሞልቶ ዝቅተኛውን መንገድ ውጦታል። ዘጠኝ ተማሪዎች ነበርን። የመግቢያ ካርዳችንን ቲቸር አስረስ በላስቲክ ጠቅልለው ይዘውታል። መንገዱ ውሃው ውስጥ ይገባና ሁለት መቶ እርምጃ ያህል ርቆ ማዶ ብቅ ይላል። ውሃው አይሮጥም፣ ተኝቷል። ችግሩ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ያለው ቦይ ነው፤ ውሃው ሁሉንም እኩል ስላደረገው የቱ መንገድ የቱ ቦይ እንደሆነ አይታይም።

ከሁላችንም ረጅሙ ማርቆስ ነበር። «ይቺማ ምን አላት!» ብሎ እግሩን እያነሳ ገባ። ጥቂት እንደሄደ እስከ አንገቱ ሰመጠ። ዱላ አቀብለን ስናወጣው ጥርሱ ይንቀጫቀጭ ነበር። የቲቸር አስረስ ፊት አመድ መሰለ።

«ተመለሱ። ፈተና በየዓመቱ አለ፤ ነፍስ ግን አንድ ናት» አሉ።

እውነታቸውን ነው። ለኔ ግን በየዓመቱ አልነበረም። አባቴን አውቀዋለሁ። መረቡ ዓይኔ ላይ መጣ።

«ቲቸር፣ እኔ ልምራ።»

«አንቺ ልጅ፣ ዝም በይ!»

«መንገዱ ጠጠር ነው፣ ቦዩ ጭቃ ነው። እግሬ ይለየዋል።»

ሰዓታቸውን አዩ። ሁለት ሰዓት ሊሞላ ብዙም አልቀረውም፤ የፈተናው ግቢ በር ደግሞ ሦስት ሰዓት ላይ ይዘጋል። ውሃውን አዩ፣ እኛን አዩ። በመጨረሻ ጎንበስ ብለው የተወለወለ ጫማቸውን አወለቁና ማሰሪያውን አንገታቸው ላይ አንጠለጠሉት። «አንድ ጊዜ ጭቃ ከረገጥሽ ሁላችንም እንመለሳለን። እሺ?» አሉኝ። እሺ አልኩ።

እኔ ዱላውን ይዤ ከፊት፣ እሳቸው የሹራቤን ጫፍ ይዘው ከኋላዬ፣ ሌሎቹም አንዱ የአንዱን ልብስ ጨብጦ ገባን። ካርዶቹን ቲቸር አስረስ በአንድ እጃቸው ከራሳቸው በላይ ይዘዋል። ውሃው ከጉልበቴ አለፈ፣ ጭኔ ላይ ደረሰ። ጠጠሩ እግሬን ይወጋኛል፣ እሰይ እላለሁ። ዓይኔን ማዶ ካለች አንዲት ዋርካ አልነቀልኩም። እኩሌታው ላይ ስንደርስ ቀኝ እግሬ የሚያሙለጨልጭ ጭቃ ውስጥ ገባ። ቀጥ አልኩ።

«ምን ሆንሽ?» አሉ ከኋላዬ። ሹራቤን አጥብቀው ያዙት።

«ምንም» አልኩ።

እግሬን ቀስ ብዬ ስቤ ወደ ግራ ዳበስኩ። ጭቃ። ትንሽ ራቅ አድርጌ ዳበስኩ። ጠጠር! ቀጠልኩ። ልቤ ከበሮ ሲመታ ከኋላዬ የሚሰሙ ይመስለኝ ነበር።

ዘጠኛችንም ወጣን። ከቲቸር አስረስ ጫማ አንደኛው ውሃ ውስጥ ቀርቷል። ከተማ የደረስነው በሩ ሊዘጋ ሲል ነው፣ እርጥብ ልብሳችንን እንደለበስን ገባን። የእንግሊዝኛው ፈተና ምንባብ ማለቂያ አልነበረውም፤ ዓረፍተ ነገሩን አንድ በአንድ እየዳበስኩ፣ ሳልዘል፣ ተሻገርኩት። ‹ዌድ› የሚል ቃል እዚያ ወረቀት ላይ አንድም ቦታ አልነበረም።

ስወጣ ቲቸር አስረስ በባዶ እግራቸው ግቢው በር ላይ ቁጭ ብለው ሲጠብቁን አገኘኋቸው። ጠጋ አልኩ። ሌሎቹ እንዳይሰሙ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ጭቃውን እኔም ረግጬው ነበር» አሉኝ።

አለፍኩ። አስተማሪም ሆንኩ። እሳቸው ግን በዓመቱ ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ተዛወሩና አላየኋቸውም፤ ሳላመሰግናቸው መቅረቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ያ መንገድ ዛሬ ከፍ ተደርጎ አስፋልት ሆኗል፣ ባጃጅ በደቂቃ ያልፈዋል። እዚያ ቦታ ስደርስ እግሬ ሳላዘው የባጃጁን ወለል ይዳብሳል። የልጅ ልጄ «እማማ፣ ምን ሆንሽ?» ትለኛለች። «ምንም» እላታለሁ።

ለቅዳሜ ግን ቆርጫለሁ። ስልኳን ቤት አስቀምጣ፣ ጫማዋን አውልቃ ሐይቁ ዳር እንወርዳለን። ዱላውን እሷ ትይዛለች፣ ከፊት እሷ ትሆናለች። እኔ ከኋላ ልብሷን አጥብቄ እይዛለሁ፤ ጭቃ ስትረግጥም ዝም እላታለሁ።