የማይመለሱ ደንበኞች

ማክሰኞ፣ ንጋት 11 ሰዓት ተኩል፣ ደሴ

የደሴ ብርድ ጃኬት ያስለብሳል፤ የምሄድበት ከሚሴ ደግሞ ያስወልቃል። ስለዚህ ከውስጥ ስስ ሸሚዝ፣ ከላይ ጃኬት ደርቤ መናኸሪያ ደረስኩና ሚኒባሱ ጋቢና ውስጥ ተሰየምኩ። ከመስኮቱ ውጪ አንዲት ሴት ትኩስ ብስኩት ትሸጣለች። ሁለት ገዛሁ፤ አንዱ ከተማውን ሳንወጣ አለቀ።

ጭኔ ላይ አሥራ አምስት ገጽ ያለው ቅጽ አለ። የምሠራበት ድርጅት ለአንድ አነስተኛ የጥገና ቤት ቶርኖ ሊሰጥ ነው፤ ብረት እያሽከረከረ የሚቀርጸውን ማሽን። ማን እንደሚያገኘው የሚወሰነው በቅጹ ነው። ቅጹ ስለ ትርፍ አይጠይቅም። ያዘጋጀው አለቃዬ፣ “ትርፍ ማንም ይለካል፤ እኛ የምንለካው ሥራው ለአካባቢው ሰው ምን እንደጠቀመና ነገም መኖር አለመኖሩን ነው” ብሎናል። ሐሳቡን ወድጄዋለሁ። እንዲህ ያለው ነገር እንዴት እንደሚለካ ግን አልገባኝም፤ ከአልጋዬ ያስነሳኝም ግማሹ ይኸው ጉጉት ነው።

“ምንድን ነው የምታነቢው? ፈተና አለብሽ እንዴ?” አለኝ ሾፌሩ።

“እኔ ነኝ ፈታኟ። ከሚሴ ያሉ አንድ የውሃ ሞተር መካኒክ አሉ…”

“ጋሽ ከድርን ነው? እሳቸውን ጥለሽ በዚህ መንገድ የሚመልስሽ መኪና አታገኚም!” ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ ሳቄ ግን ከልቤ አልነበረም።

ማክሰኞ፣ ጠዋት 3 ሰዓት፣ ከሚሴ

ሐርቡ ስንደርስ ጃኬቱ ወለቀ። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ይለጠጥና ጨፋ ሸለቆ ይከፈታል። የማሽላው ራስ ተቆርጦ አገዳው ብቻ ቆሟል፤ የጤፍ ገለባ ክምር፣ ሣር ፍለጋ ከአፋር ቆላ የመጡ ግመሎች፣ በቦርከና ዳር አረንጓዴ የሽንኩርት መደብ። በየማሳው ጫፍ አንዲት ትንሽ የውሃ ሞተር ዱግ ዱግ ትላለች። የካቲት ስለሆነ ዝናብ የለም፤ ሽንኩርቱ የሚኖረው በሞተሮቹ ነው።

የጋሽ ከድር ጋራዥ ከሚሴ ውስጥ ከማንጎ ሻጮቹ ጀርባ ያለች የቆርቆሮ ቤት ናት። የስም ሰሌዳ የላትም። አምሳውን የተሻገሩ፣ ቀጭን፣ ኮፍያቸውን ወደ ኋላ ገፋ ያደረጉ ሰው ተነስተው ተቀበሉኝ።

“አካም ቡልቴ ልጄ? ደኅና አደርሽ? መንገዱ እንዴት ነበር?”

“ነጋ፣ ሰላም ነው ጋሽ ከድር” አልኩ፣ ከማውቃቸው ሦስት የኦሮምኛ ቃላት አንዱን አውጥቼ።

መሬት ላይ አንድ ገበሬ እጁ እስከ ክርኑ ጠቁሮ የራሱን ሞተር ይፈታል። ጋሽ ከድር አጠገቡ ተቀምጠው በአፋቸው ብቻ ያሳዩታል። ይህ የቤቱ ደንብ ነው፦ ሞተሩን የሚፈታውም የሚገጥመውም ባለቤቱ ነው። ገጥሞ ሲጨርስ ያስፈቱትና እንደገና ያስገጥሙታል። ሁለተኛው ላይ እሳቸው አይናገሩም፤ ጀርባቸውን ሰጥተው ሻይ ይጠጣሉ።

“ለምን እርስዎ አይሠሩለትም?”

“እኔ ከነካሁለት እሱ ይረሳዋል። ማሳው ውስጥ ሲቆምበት እኔ የለሁ! ሽንኩርት ደግሞ ጠብቀኝ ቢሉት አይጠብቅ።”

ቅጹን አወጣሁ። እስከ ሦስተኛው ገጽ ድረስ በደንብ ሄድን። አራተኛው ገጽ ላይ ከሁሉም በላይ ነጥብ ያለው ጥያቄ አለ፦ ባለፈው ዓመት ካስተናገዷቸው ደንበኞች ምን ያህሉ ተመልሰው መጡ?

“አንድም አልተመለሰ፣ አልሀምዱሊላህ!” አሉ ጋሽ ከድር፣ ደረታቸውን ነፋ አድርገው።

እስክሪብቶዬ አየር ላይ ቀረ። ባለፈው ሳምንት በሌላ ከተማ አንድ ጋራዥ ገምግሜ ነበር። ደንበኞቹ በየሦስት ሳምንቱ ይመለሳሉ፤ ሙሉ ነጥብ ሰጥቼዋለሁ። ለምን እንደሚመለሱ መጠየቅ ትዝም አላለኝ። አሁን የጋሽ ከድር ቤት ወለል ላይ ቁጭ ብዬ አፈርኩ።

እንደምንም ነገርኳቸው። ዜሮ ከጻፍኩ ቶርኖው እንደሚያመልጣቸው ሰሙ። የጠመንጃ ጥይት የምታህል የተበላች ብረት ከኪሳቸው አወጡ። ቡኮላ ይሏታል፤ የሞተሩ ዘንግ የሚዞርባት ቀለበት ናት።

“ሌላውን ሁሉ አስተማርኳቸው። ይቺን ግን በእጅ አትሠራ። ይቺ ስትበላ ኮምቦልቻ መላክ ነው፤ እስክትመጣ ማሳው ይደርቃል። ቶርኖ ቢኖረኝ እዚሁ እቀርጽላቸው ነበር። ሞተር መጠገን እንደሆነ ሁሉም ለመደው፤ በሱ እኔ እንጀራ አልበላም። ኮምቦልቻ ያለ ጋራዥ ልቅጠርህ ብሎኛል። በወሩ መጨረሻ ቤቱን አስረክቤ እሄዳለሁ።”

ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ “ጥቂቶቹ ተመልሰዋል ብለን ብንጽፍስ?” አልኩ።

የተቆጡት ያኔ ነው። “ወላሂ እንዳታደርጊው! ከድር የሠራው ሞተር ተመልሶ መጣ ብለሽ? ሠላሳ ዓመት የሠራሁትን ስም በአንድ መስመር ልታጠፊው? ዜሮ ነው፤ ዜሮ ጻፊ!”

ዜሮ ጻፍኩ። እኔም ግትር ነኝና ያልተመለሱትን ሄጄ ለማየት ወሰንኩ። አብረን እንሂድ ስላቸው እንቢ አሉ። “እኔ ካለሁ በይሉኝታ ያሞግሱኛል። ብቻሽን ሂጂ” አሉኝ።

ረቡዕ፣ ቀን 5 ሰዓት፣ ጨፋ ሮቢት

ገበያው ደርቷል። ማሽላ በጆንያ፣ ፍየል በገመድ፣ ቲማቲም መሬት ላይ ክምር ክምር። አንዱ ሻጭ ሲከራከር በአማርኛ ይጀምርና ሲናደድ በኦሮምኛ ይጨርሳል። ገዢውም እንደዚያው ነው፤ ግራ የተጋባሁት እኔ ብቻ ነበርኩ።

የጋሽ ከድር ደንበኛ የት ላግኝ ብዬ ስጠይቅ ሰዎች እጃቸውን በአራቱም አቅጣጫ ዘረጉ። አንዱ ባለ ባጃጅ ቦርከና ዳር ዘሀራ የምትባል ሴት ማሳ አደረሰኝ። ዘሀራ በእኔ ዕድሜ ናት፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ሽንኩርቱን የምታለማው ብቻዋን ነው።

ገና ሰላምታ ሳንጨርስ ሞተሯ ሳል ሳል አለና ቆመ። እኔ ደነገጥኩ፤ እሷ ግን እጅጌዋን ሰበሰበች። ካርቡሬተሩን ፈትታ ከሥሩ የተጠራቀመውን ደፋችው፤ አሸተተችውና፣ “ቤንዚኑ ውሃ ገብቶበታል፤ ሻጩን አገኘዋለሁ!” አለች። ቀዳዳውን በቀጭን ሽቦ ጠራርጋ ገጠመችው። ገመዱን ሁለት ጊዜ ሳበች፤ ተነሳ። ውሃው በቦዩ ሲወርድ ሳየው እልል ልል ምንም አልቀረኝ።

“እስከ ወዲያኛው ዛፍ ድረስ የሰባት ሰው ሞተር የማስነሳው እኔ ነኝ። እነሱ ደግሞ የሌላውን ያያሉ” አለችኝ። “ጋሽ ከድር ያስተማሩትን ለጎረቤት የማያሳይን ሰው ሁለተኛ አያስተምሩም።”

ይህን ጋሽ ከድር አልነገሩኝም። ቅጹም የሚጽፉበት ቦታ የለውም። ማሳ ለማሳ ስዞር ዋልኩ፤ ሞተር የቆመበት ሰው አጋጥሞኛል፣ ጠጋኝ ያጣ ግን አላጋጠመኝም። የአንድ ሽማግሌ ሞተር ብቻ ሸራ ለብሶ ተቀምጧል። ቡኮላው ተበልቶ ኮምቦልቻ ተልኳል፤ ሽንኩርታቸው ጫፉ ቢጫ ሆኗል። ሽማግሌው ቅጠሉን በጣታቸው እያሻሹ አሳዩኝ።

ምላሴ አያርፍም፤ ከመሄዴ በፊት ስለ ዜሮውም፣ ስለ ቶርኖውም፣ ስለ ወሩ መጨረሻም ለዘሀራ ዘረገፍኩላት። አካፋዋን ተደግፋ አዳመጠችኝ።

“የተመለሰ ደንበኛ ስለሌላቸው ነው የሚሄዱብን?”

“በቅጹ እንደዚያ ነው።”

“ከሚሴ እስከ መቼ ትቆያለሽ?”

“እስከ ነገ ጠዋት።”

ሌላ አልጠየቀችኝም። ጨዋታው ያለቀ መስሎኝ ተሰናበትኳት።

ሐሙስ፣ ጠዋት 2 ሰዓት፣ ከሚሴ

ለመሰናበት ጋራዡ ገብቼ ከጋሽ ከድር ጋር ሻይ ይዘናል። በማንጎ ሻጮቹ በኩል አንድ ባጃጅ ታጠፈ፤ ከኋላው የውሃ ሞተር ተጭኗል። ተከትሎት ሌላ ባጃጅ። ከዚያ ሁለት አህያ፣ ከዚያም ሞተራቸውን በትከሻቸው የተሸከሙ ሰዎች። ከፊት ዘሀራ ናት።

ጋሽ ከድር ብርጭቆውን አስቀመጡ። “ማል ታኤ? ምን ሆነ?” አሉ። ፊታቸው አመድ መሰለ። እያንዳንዱን ሞተር ያውቁታል፤ አንድ በአንድ ተቆጠሩ፣ አሥራ አንድ ናቸው። ሠላሳ ዓመት አንድም ያልተመለሰባቸው ሰው በአንድ ጠዋት አሥራ አንድ!

ተንበርክከው የመጀመሪያውን ገመድ ሳቡ። ተነሳ። ሁለተኛውን ሳቡ፤ ተነሳ። ሦስተኛውም። አራተኛው ላይ ቀና ብለው ዘሀራን አዩ።

“ምኑ ነው የተበላሸው?”

“ምንም አልተበላሸም ጋሼ።”

“ታዲያ በሥራ ሰዓት፣ ሽንኩርቱ ውሃ ሳይጠጣ ለምን መጣችሁ?”

“ደንበኛ ተመልሶ መምጣት አለበት ተባለ። መጣን” አለች ዘሀራ።

ጋሽ ከድር መጀመሪያ ተቆጡ፤ ነዳጅ ታባክናላችሁ፣ ማሳ ታደርቃላችሁ አሉ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ቆርቆሮው አዞሩና ቆዩ። ኮፍያቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ሲጠርጉ ሁላችንም ያላየን መሰልን።

እኔስ? ይህን ነገር ማጭበርበር ልበለው ወይስ ምስክርነት? እስካሁን አለየልኝም። ጋሽ ከድርን ልጻፈው ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው።

“ከጻፍሽ ለምን እንደመጡም አብረሽ ጻፊ። የኔ ሥራ አልተበላሸም።”

አለቃዬ ጋ ደወልኩ። የመጨረሻው ውሳኔ የእሱ ነው። ዜሮውን፣ የዘሀራን ካርቡሬተር፣ የሽማግሌውን ቢጫ ሽንኩርት፣ ከሁለት ቀን ጉዞዬ ያመጣሁትን ሁሉ ነገርኩት። በመጨረሻ አሥራ አንዱ ደረስኩ።

“የሞተሮቹ ችግር ምንድን ነው?” አለኝ።

“ችግር የለባቸውም። ሁሉም ይሠራሉ።”

“ታዲያ ለምን ተመለሱ?”

ስልኩን ለዘሀራ አቀበልኳት። ጆሮዋ ላይ ገጥማ፣ ሞተሩን የምታናግር ይመስል ጮክ ብላ፣ “ሰውዬው እንዳይሄዱብን ነዋ!” አለችና መለሰችልኝ።

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ፣ ሃሎ አልኩ።

“አለሁ” አለ። “ቶርኖ እኮ ከባድ ነው፤ ክሬን አንልክም። ከመኪና የሚያወርድ ሰው እዚያ ይገኛል?”

ዞር ብዬ ግቢውን አየሁ። ቦታ ጠቧቸው ግማሾቹ መንገድ ላይ ቆመዋል፤ ሞተራቸውን ገና ከትከሻቸው አላወረዱም።

“ይገኛል” አልኩት።