ልብሱ የማይደርቅለት ሰው

እንዳትስቁብኝ እፈራለሁ። ልብስ ተኳሽ ነኝ እንጂ ጸሐፊ አይደለሁም፤ ፊደሌም ይጣመማል። ግን ይህን ሰው ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም።

ታይላንድ፣ ቺያንግ ማይ ውስጥ፣ እኔ በምሠራበት በእትዬ ዊላይ ልብስ ማጠቢያ ቤት በረንዳ ላይ፣ ኮምፒውተሩን ጭኑ ላይ አድርጎ ይሠራል። አሠሪዎቹ ባሕር ማዶ ናቸው። ጫማውን አያወልቅም፣ ጉልበቱንም ሲያወዛውዝ ነው የሚውለው። ርካሽ የአውሮፕላን ትኬት ባገኘ ቁጥር ያሳየናል፤ አንዴ ወደ ሃኖይ፣ አንዴ ወደ ፔናንግ። ብድግ ብሎ ይሄድና ቆሻሻ ልብሱን ተሸክሞ ይመለሳል። የአገሩን ትኬት ግን አሳይቶን አያውቅም።

ሰሞኑን እህቱ ትደውላለች። አባታቸው በጠና ታሟል።

ትናንት "ምን አልካት?" አልነው።

"ልብሴ ይድረቅና እመጣለሁ አልኳት።"

ክረምት ስለሆነ ዝናቡ አያባራም፤ ገመድ ላይ የተሰጣ ሁሉ እንደረጠበ ነው።

"ማድረቂያ ማሽን አለልህ እኮ፣ አንተ ልጅ" አለችው እትዬ ዊላይ።

"ልብስ ያሳጥራል፣ እትዬ።"

"ሃኖይ ስትሄድ አላሳጠረም። አባትህ ምን አድርጎህ ነው?"

ጉልበቱን ማወዛወዙን አቆመ። "ተጣልተን ነው የወጣሁት። አሁን ምን ብዬ ልግባ?"

"ዝም ብለህ ግባ። የሚለውን አባትህ አያጣውም።"



ዛሬ ጠዋት ሥራ ስገባ ገመዱ ሥር ቆሞ አገኘሁት። እርጥብ ሸሚዙን አወረደ፣ ጨመቀው፣ ለበሰው። ከዚያ ቀይ ታክሲ አስቁሞ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ሄደ።