ስልኩ ያስዋበው ባል

ፎቶ ቤቱ ከፋርማሲውና ከልብስ ስፌቱ መካከል የተሸጎጠ አንድ ክፍል ነው። ባለቤቲቱን ሰፈሩ በስሟ ጠርቷት አያውቅም፤ «ጠጋኟ» ነው የሚላት። የተቀደደ፣ ውሃ የነካው፣ ሕፃን በእስክሪብቶ የጫጫረበት ፎቶ ሁሉ መጨረሻው እሷ ዘንድ ነው። መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አንጠልጥላ፣ ኮምፒውተሯ ላይ ባለው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ስትጠግን ትውላለች። ፕሮግራሙ ግን በየዓመቱ ካልተከፈለበት አይከፈትም።

ዘንድሮ የክፍያው ማሳሰቢያ በመጣ ሰሞን፣ የታክሲ ሹፌር የሆነው ባሏ አዲስ ስልክ ገዝቶ እየተፍለቀለቀ ገባ።

«ነይማ እዪ!» አላት። ታክሲውን ተደግፎ ከተነሳው ፎቶ ላይ፣ ከኋላው የቆመውን የቆሻሻ ገንዳ በጣቱ ከበበው። ገንዳው ብን ብሎ ጠፋ። «ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይሉታል። ከስልኩ ጋር አብሮ የመጣ ነው፣ በነፃ! ታዲያ እኛ ለዚያ ፕሮግራም የምንከፍለው ጤና የለንም እንዴ?»

ጠጋኟ ደንገጥ አለች፤ ግን እልኸኛ ናት።

«ስልኩን ለእኔ ተውልኝ፤ የክፍያው ቀን እስኪደርስ በእሱ ብቻ እሠራለሁ። ከቻለ ፕሮግራሙን እሰናበተዋለሁ። ካልቻለ ደግሞ አንተ አርፈህ ትቀመጣለህ።»

መጀመሪያ ላይ ስልኩ አፏን አስያዛት። የመታወቂያ ፎቶ ጀርባን ነጭ ማድረግ ደንበኛው ከረባቱን ፈትቶ ሳይጨርስ አለቀ። ልብስ ሰፊዋ ለማስታወቂያ ካነሳችው ቀሚስ በላይ የተዘረጋውን የመብራት ሽቦም ድራሹን አጠፋው። ባልየውማ ራት እየጎረሰ እንኳ «አላልኩሽም?» ማለቱን አልተወም።

እንዲህ ሲሆን ሰንብቶ አንድ ጠዋት ጡረታ የወጡት አዋላጅ ከትንሿ ምራታቸው ጋር መጡ። መናፈሻ ውስጥ ከልጆቻቸው፣ ከምራቶቻቸውና ከልጅ ልጆቻቸው ጋር የተነሱትን ፎቶ ይዘዋል።

«ከኋላ የሚያልፉትን የማናውቃቸውን ሰዎች አጥፊልኝ፣ ልጄ።»

«ለዚህማ ስልኩ አለ፣ እትዬ» አለች ጠጋኟ። ስልኩ የማይፈለጉትን ሰዎች ራሱ መርጦ ቀይ ይቀባቸዋል። አላፊ አግዳሚውን አንድ በአንድ ቀባ፤ ቀጥሎም ከቤተሰቡ ትንሽ ራቅ ብለው ዳር የቆሙትን አዋላጇን ቀባ።

አዋላጇ አጎንብሰው አዩ። ከዚያ ቀስ ብለው ወደ ምራታቸው ዞሩ።

«ለስልኩ ማን ነገረው?»

«ኧረ እማዬ፣ እኔ የለሁበትም!» አለች ምራትየዋ ሳቋን እየዋጠች።

«ግማሹን ሰፈር ወደዚህ ዓለም ያመጣሁ ሴትዮ፣ እንዲህ በጣት ልሰረዝ?» አሉና እሳቸውም ሳቁ።

ጠጋኟ ቀዩን ከላያቸው አንስታ ሌሎቹን አጠፋች። አዋላጇ ግን አልሄዱም። ከቦርሳቸው በላስቲክ የተጠቀለለ ትንሽ ፎቶ አወጡ። የሟች ባላቸው ነው። እርጥበት በልቶት ከግራ ጉንጩ እስከ ጆሮው ተልጧል።

«ሳሎን የሚሰቀል ትልቅ አድርጊልኝ።»

ጠጋኟ በስልኩ አንስታ አንዴ ነካ አደረገች። በዓይን ጥቅሻ ልስልስ ያለ ጉንጭ፣ የተኳለ የመሰለ ቅንድብ፣ እኩል የሆኑ ሁለት ጆሮዎችና ፈገግታ ብቅ አሉ። አዋላጇ ስልኩን ቀረብ፣ ራቅ እያደረጉ አዩት።

«ቆንጆ ሰው ነው» አሉ በመጨረሻ። «ማን ነው?»

ምራትየዋ ልትስቅ ጀምራ ተወችው።

«የኔ ባል እንዲህ ቢሆን ኖሮ ገበያ ብቻውን እልከው ነበር?» አሉ አዋላጇ።

ጠጋኟ ስልኩን ኪሷ ከተተችና ኮምፒውተሩን ከፈተች። የደንበኛ መቀመጫ ስለሌለ ባዶ የወረቀት ካርቶን ስባ አጠገቧ አስቀመጠቻቸው።

«እስቲ ንገሩኝ፣ እንዴት ነበሩ?»

«ግራ ጆሮው ከቀኙ ወጣ ያለ ነበር። ፎቶ አንሺ ፊት ሲቆም ደግሞ ዕዳ እንዳለበት ሰው ይኮሳተራል።»

ጠጋኟ በቀኝ በኩል የተረፈውን ጆሮ ገልብጣ ለግራው አበጀችለት፤ ከደህናው ጉንጭ ላይ ቆዳ እየቀዳች የተላጠውን ሞላች። አዋላጇ ምጥ የያዛት ሴት እንደሚያዋልዱ ሁሉ ከጎን ሆነው ያዛሉ።

«ጆሮውን ወጣ አድርጊው። ጨምሪ፣ ጨምሪ… ኧረ በዛ! ዝሆን አላገባሁም፣ መልሺው!»

ሥራው ሲያልቅ ጠጋኟ ኮምፒውተሩን ወደ አዋላጇ አዞረችው።

«መጣ» አሉ አዋላጇ፣ የሹራባቸውን እጅጌ ወደ ዓይናቸው እየወሰዱ። «መጣ፣ ይሄ ነጭናጫ።»

የዚያን ዕለት ባልየው ከሥራ ሲገባ ጠጋኟ ለፕሮግራሙ ከፍላ ጠበቀችው።

«ስልኩ አልቻለም ማለት ነው?»

«ችሏል። መታወቂያውንና ሽቦውን ለእሱ ለቅቄያለሁ። ግን የጠፋውን ቦታ በግምት ነው የሚሞላው፤ እኔ የምፈልገው ያዘዝኩትን ብቻ የሚሠራልኝን ነው።»

«ሁለቱንም ልትይዢ?»

«አንተስ ነዳጅ መስጫ አለኝ ብለህ ፍሬን ትነቅላለህ?»

ባልየው እየሳቀ አርፎ ተቀመጠ።

አዋላጇ ወሬውን ነዙት። የሰፈሩ ባልቴቶች የደበዘዙ ባሎቻቸውን በፖስታ እየያዙ ይጎርፉ ጀመር። ጠጋኟም ከኮምፒውተሩ ጎን ትራስ ያለው ወንበር አስገባች። አንዳንዷ ፎቶ እንኳ ሳትይዝ መጥታ ትቀመጥበታለች። ጠጋኟም ዓይኗን ከሥራዋ ሳትነቅል፣ «እሺ፣ እሳቸውስ እንዴት ነበሩ?» ትላታለች።