ባሌ፣ ከኋላ ሲነበብ

ቃልን ከኋላ ማንበብ የለመድኩት አዋሽ ሰባት ኪሎ፣ አባቴ ባቡር ጣቢያ ትኬት ቆራጭ በነበረ ጊዜ ነው። የክፍሉ መስኮት መስታወት ላይ በቀይ ቀለም የተጻፈው ጽሑፍ ከውጭ ለሚመጣው መንገደኛ የታሰበ ነበር። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ የምቀመጠው ግን ከውስጥ፣ ከአባቴ ወንበር አጠገብ ስለሆነ ጽሑፉ ለእኔ ሁልጊዜ የሚጀምረው ከመጨረሻው ነው። አንድ ቀን “ትኬት” የሚለው ቃል ከውስጥም ከውጭም ያው ትኬት መሆኑን አስተዋልኩና ለአባቴ ነገርኩት። ፊደሎቹን በጣቱ ከግራም ከቀኝም ቆጠራቸውና፣ “ታዲያ ተሳፋሪውስ ከሁለቱም ወገን አይደል የሚመጣው?” አለኝ።

ከዚያ በኋላ የእኔና የእህቴ ጨዋታ ይኸው ሆነ። ሰባት ኪሎን “ሎኪ ትባሰ”፣ ጂቡቲን “ቲቡጂ” እያልን ስንጠራ እናታችን “ምላሳችሁ እንደተጣመመ እንዳይቀር!” ብላ ትቆጣለች። እኛ አንሰማም። “ልብ” ሲገለበጥ ልብስ የሚበላው “ብል” ይሆናል። “ጠላ” “ላጠ” ይሆናል። “ሰማ” ደግሞ “ማሰ” ይሆናል፤ ጉድጓድ ማሰ እንደምንለው። እህቴ ስታድግ ተወችው። እኔ አልተውኩትም።

ሰመራ ተቀጥሬ የሄድኩት የድሮው ባቡር ከቆመ፣ አባቴም ካረፈ በኋላ ነው። የአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ገቢና ወጪ ደብዳቤ እየመዘገብኩ እሠራ ነበር። በሙቀቱ ምክንያት ቀትር ላይ ቢሮው ለረጅም ሰዓት ይዘጋል። ሰመራ ቤት ያላቸው ሄደው ይተኛሉ። እኔ የተከራየኋት ክፍል ጣሪያዋ ቆርቆሮ ስለሆነ ከቢሮው ትብስ ነበርና እዚያው እቀራለሁ። ስልኬን ይዤ ቃላት መገልበጥ የጀመርኩት በነዚያ ሰዓታት ነው። ቆይቼ ፌስቡክ ላይ ገጽ ከፈትኩ። በየቀኑ አንድ ቃል ወይም አንድ ዐረፍተ ነገር አወጣለሁ፤ ሰዎች ከኋላ አንብበው መልሱን ከሥር ይጽፋሉ። ጨዋታው ተወደደ። መጀመሪያ የቢሮው ሰዎች፣ ከዚያ የማላውቃቸው መምህራን፣ ነርሶች፣ የጂቡቲ መንገድ ሾፌሮች ሳይቀሩ ይጠብቁት ጀመር። ስሜን አልጻፍኩበትም፤ ቢሮ ውስጥ ግን ገጹ የመዝገብ ቤቷ መሆኑን የማያውቅ አልነበረም።

ቀትር ላይ አብራኝ የምትቀር አንዲት ጓደኛ ነበረችኝ፣ የኃላፊያችን ጸሐፊ። ቤተሰቦቿ ከወሎ ወደ ጥጥ እርሻው ለሥራ መጥተው ዱብቲ የቀሩ ናቸው። ባሏ የዚያው መሥሪያ ቤት ግምጃ ቤት ጠባቂ ነው። ጠዋት ጠዋት ከዱብቲ በሚኒባስ አብረው ይመጣሉ፤ ቀትር ላይ እሱ ግምጃ ቤቱ ውስጥ ካርቶን አንጥፎ ጋደም ይላል፣ እሷ ምሳዋን ይዛ እኔ ዘንድ ትመጣለች። ዝምተኛ ሰው ነው። ሁለት ዓመት አብረን ስንሠራ ከሰላምታ ያለፈ ነገር የተነጋገርን አይመስለኝም። ስለ እሱ የማውቀውን ሁሉ የማውቀው ከእሷ ነው፤ እሷ ደግሞ ያለ እሱ ወሬ አታውቅም። “ባሌ እንዲህ አለ፣ ባሌ ዓሣ አይወድም፣ ባሌ ለልጆቹ ጫማ ገዛ።” የገጼን ጨዋታ ቀድማ የምትፈታው እሷ ነበረች። አንዳንዴ ከመለጠፌ በፊት ታየውና፣ “ይኼማ ለሕፃን ነው! ከበድ አድርጊው እንጂ” ትለኛለች።

ያን ቀን ምሳ እየበላን ስለ አንድ ሠርግ ታወራኝ ነበር። በመካከሉ “ባሌ” የሚለው ቃል ድንገት ጆሮዬ ውስጥ ተገለበጠ። ሁለት ፊደል ነው። እንዴት እስከዚያ ቀን እንዳላየሁት ገረመኝ። ሳቄ አመለጠኝ።

“ምን ያስቅሻል?” አለችኝ።

“ምንም። ነገ ታዪዋለሽ” አልኳት።

ወንበሯን መልሳ ስትወጣ ወዲያው ጻፍኩት። “የዛሬው ቀላል ነው። ጓደኛዬ በቀን ሃያ ጊዜ ‘ባሌ’ ትላለች። እስቲ ከኋላ አንብቡላት።” የሚስቅ ፊት ጨመርኩበትና ለጠፍኩት።

እዚህ ላይ ለብዙ ጊዜ ለራሴ የዋሸሁት ነገር አለ። ሲጠይቁኝም ሳይጠይቁኝም “ስለ ጎማዎቹ አልሰማሁም ነበር” እላለሁ። ሰምቼ ነበር። እንዲያውም ከመስማትም አልፎ፣ በዚያው ቀን ጠዋት ከግምጃ ቤቱ ሁለት አዲስ የመኪና ጎማዎች መጥፋታቸውን የሚገልጸውን ደብዳቤ ቁጥር የሰጠሁት፣ ማኅተም ያደረግሁበት እኔው ነኝ። ቃሉን ስጽፍ ደብዳቤው ትዝ ብሎኝ ነበር ወይ? ትዝ ብሎኝ ነበር። ክፋት አልነበረኝም፤ ግን ጨዋታው በደብዳቤው ምክንያት ይበልጥ እንደሚጣፍጥ በልቤ አንድ ጥግ አውቄያለሁ። ማንም አያገናኘውም ብዬ ነው ያለፍኩት።

በማግስቱ ጠዋት ስልኬን ስከፍት ከሥሩ የተጻፈው ብዛቱ ከዚያ በፊት አይቼው የማላውቀው ነበር። መጀመሪያዎቹ ሳቅ ናቸው። ወረድ ሲል ግን የቢሯችን ሰዎች ናቸው። አንዱ “ሌባ! ጎማው የት ነው ታዲያ?” ብሏል። ሌላው “መዝገብ ቤት የማታውቀው ነገር የለም” ብሏል። ይቺ ሁለተኛዋ ናት ነገሩን ያበላሸችው። የእኔ ቀልድ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ማስረጃ ሆነ።

ሰውየው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ነበር የሚናገረው። “ጎማዎቹን ጭፍራ ለተበላሸው መኪና ሰጥቻለሁ፤ ሾፌሩ ፈርሞ ወስዷል።” ሾፌሩ ግን ወባ ይዞት ወደ ደጋ፣ ወደ ቤተሰቡ ሄዷል። የፈረመበት ወረቀት አልተገኘም። ጭፍራ በዚያ ሰሞን ጎርፍ ስለነበር መንገዱም ስልኩም ተቋርጧል። እንዲህ ባለ ጊዜ ሰው የሚታመነው በስሙ ነው። ስሙን ደግሞ እኔ ገልብጬበታለሁ። በሳምንቱ ከሥራ ታግዶ ጉዳዩ እንዲጣራ ተባለ። የእግድ ደብዳቤውን የጻፈችው ሚስቱ ናት፤ የኃላፊው ጸሐፊ እሷ አይደለችም እንዴ? የመዘገብኩት እኔ። ደብዳቤውን ይዛ ስትመጣ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችና ቆመች።

“እኔን ነው የጻፍሽው?” አለችኝ።

“ጨዋታ ነው እኮ” አልኳት። ድምፄ ለራሴም ቀጭን ሆነብኝ።

“ወላሂ፣ ጨዋታ መሆኑን እኔ አውቃለሁ። ለኔ አትንገሪኝ፤ ለነሱ ንገሪያቸው። ሻይ ቤቱ በር ላይ የሚቀመጡት ልጆች የልጆቼ አባት ሲያልፍ ‘ባሌ መጣ’ እያሉ ይስቁበታል። ሳትገለብጪ አንድ መስመር ጻፊልኝ። ‘ስለ ጎማው አይደለም፣ ሰውየውንም አይመለከትም’ በዪ። ሌላ ምንም አልፈልግም።”

“እሺ” አልኳት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ “ባሌ” ስትል አልሰማኋትም። “የልጆቼ አባት” ነው የምትለው።

እሺ ያልኩትን አላደረግሁም። ልጽፍ ብዬ ስልኩን ስይዝ የሚታየኝ አጣሪ ኮሚቴው ነው። ስለ ጎማው አይደለም ብዬ ብጽፍ፣ “ታዲያ ስለ ጎማው መጥፋት እንዴት አወቅሽ? የመሥሪያ ቤቱን ደብዳቤ ታወጫለሽ?” ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። ሥራዬን ፈራሁ። የአባቴ ጡረታ ትንሽ ነበረች፣ እናቴ የምትኖረው በእኔ ነው እያልኩ ለፍርሃቴ ምክንያት አበጀሁለት። በመጨረሻ ጽሑፉን አጠፋሁት። መጥፋቱ ይበቃል አልኩ። አልበቃም፤ ባሰ። “አስፈራርተው አስጠፏት” ተባለ። አንዱ ፎቶ አንስቶ አስቀርቶት ኖሮ የቢሮው ቴሌግራም ላይ መልሶ ለቀቀው።

ያን ሁሉ ሳምንት ገጹን አልዘጋሁትም። ይኼንን ስናገር አሁንም ፊቴ ይቃጠላል። ሰው እንዲረሳው ብዬ ከወትሮው አብዝቼ መለጠፍ ጀመርኩ። “ውሻው ራራ ውሻው” አልኩ፤ ከሁለቱም ወገን አንድ ነው። “ውሃው ሳሳ ውሃው” አልኩ። በሕይወቴ ከሠራኋቸው ሁሉ የሚበልጠውን “ማሰ፣ ውሃው ሰማ” የሚለውንም ያገኘሁት ያኔ ነው። ብዙ ሰው አደነቀው። ጓደኛዬ ከጎኔ ባለው ክፍል እየተየበች ነበር። ቀትር ላይ መምጣት ትታለች፤ ምሳዋን ጠረጴዛዋ ላይ ብቻዋን ትበላለች። እኔም በሩን ከፍቼ “ነይ እንብላ” ለማለት አቅም አልነበረኝም።

በአምስተኛው ሳምንት ከጭፍራ ፖስታ መጣ። ውስጡ ሾፌሩ የፈረመበት ወረቀት ነበር፣ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ከርሞ። ጎማዎቹ መኪናው ላይ ተገጥመው እየሠሩ መሆናቸውን የሚገልጽ ደብዳቤም አብሮት ነበር። ቁጥር ሰጠሁት፣ ማኅተም አደረግሁበት፣ ግልባጩን ራሴ በየክፍሉ አዞርኩ። በየበሩ “ነጻ ሆነ” እያልኩ ስናገር ደስታዬ የእውነት ነበር። ገጹ ላይ ግን አልጻፍኩም። አሁንማ ምን ያደርጋል አልኩ።

እሱ አንድ ቀን ብቻ ተመልሶ መጣ። ዕቃውን ቆጥሮ ቁልፉን አስረከበና ሥራውን ለቀቀ። እሷም በወሩ ተከተለችው። አዋሽ ሰባት ኪሎ አውቶቡስ የሚቆምበት ቦታ ወንድሟ ምግብ ቤት ስላለው እዚያ ሊሠሩ ነው ተባለ። ከሁሉ ቦታ የእኔን አገር መምረጣቸው የተፈረደብኝ መሰለኝ። ከሰመራ ወደ እናቴ ስሄድ ለሁለት ዓመት ያህል ከአውቶቡሱ የምወርደው ከተማ ከመግባቱ በፊት ነበር፤ በፀሐይ በእግሬ እገባለሁ።

አንድ የፋሲካ ሰሞን ግን ዕቃ ስለበዛብኝ መቆሚያው ድረስ ሄድኩ። እንደ ወረድኩ አየችኝ። መሸሽ አልቻልኩም። ሰሃኖቹን አስቀምጣ መጣችና አቀፈችኝ። እንባዬ ቀደመኝ። “ይቅር በዪኝ” አልኳት፣ እዚያው ሰው መሃል።

“አውፍ ብዬሻለሁ፣ ድሮ ነው አውፍ ያልኩሽ” አለችኝ። “እናትሽ ደህና ናቸው?” ብላ ሻይ አመጣችልኝ።

ቀለል ብሎኝ ቤት ገባሁ። ለእናቴ ነገሩን ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳት፤ እስከዚያ ቀን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ሳታቋርጠኝ አዳመጠችኝ።

“ባልዬውስ ምን አለሽ?” አለችኝ።

“እሱን አላገኘሁትም።”

“እና ምኑን ነው ቀለለኝ የምትዪው? የበደልሽው እሱን፣ ይቅርታ የጠየቅሽው እሷን።”

በማግስቱ ጠዋት አውቶቡሶች ሳይመጡ ሄድኩ። ብቻውን ነበር፤ ወንበሮቹን እየደረደረ። ሲያየኝ “እንኳን ደህና መጣሽ” ብሎ አንዱን ሳበልኝ። አልተቀመጥኩም።

“ወንድሜ፣ ያኔ ስለ ጎማዎቹ ሰምቼ ነበር። ደብዳቤውን ጠዋት መዝግቤ ነው ከሰዓት የጻፍኩት። ተሳስቼ አይደለም” አልኩት። ይኼን ለሚስቱ አልነገርኳትም ነበር።

ሌላ ወንበር አነሳ።

“አሁን ልጻፈው” አልኩት። “ሁሉንም በግልጽ፣ ገጹ ላይ። ብዙ ሰው ያየዋል።”

“ተይ። የረሳውን ሰው ማስታወስ ነው የሚሆነው። ልጆቼ አሁን እዚህ ነው የሚማሩት፤ ያን ነገር አያውቁም።” ወንበሩን አስቀመጠው። ከዚያ እኔን ሳይሆን መንገዱን እያየ፣ “ያኔ ግን ጠብቄሽ ነበር” አለኝ። “እሺ ብላለች፣ ትጽፋለች ብላ ነግራኝ ነበር። ቤት ስውል ሥራ የለኝ፤ ስልኬን እየከፈትኩ ገጽሽን አያለሁ። ዛሬ ይሆናል እላለሁ። ታወጪው የነበረውን ሁሉ ፈትቼዋለሁ፣ አንድ አላለፈኝም። በቃሉ ውስጥ ደብቀሽ ጽፈሽልኝ እንደሆነ ብዬ ከኋላም ከፊትም አነበው ነበር።”

የመጀመሪያው አውቶቡስ አቧራ አስነስቶ መጣ፤ ተሳፋሪዎቹ መውረድ ጀመሩ። “ቁርስ ሳትበዪ እንዳትሄጂ” አለኝና ሊያስተናግዳቸው ሄደ። ሚስቱም ከጓዳ ወጣች። ሰው በዝቶ ብቻቸውን ሲራወጡ ሳይ ቦርሳዬን አስቀመጥኩና የውሃ ጆጉን አንስቼ እጅ ማስታጠብ ጀመርኩ። ማንም አላዘዘኝም፣ ማንም ተይም አላለኝ። አውቶቡሱ እስኪነሳ ድረስ ከአንዱ ጠረጴዛ ወደ ሌላው ስዞር፣ እሱ አንድ ጊዜ ብቻ ቀና ብሎ አየኝና ሥራውን ቀጠለ።