አያ ፈንታ በሽልማቱ መሃል ቸርኬውን ደወሉት

የልጄን የመምህር ይበልጣልን መርዶ ከሰማሁ ቀን ጀምሮ ስቄ አላውቅም ነበር። ዛሬ ግን ሳቅሁ፤ ያውም ልጄ በሚመሰገንበት ቦታ።

ቡሬ አጠገብ ያስተማረበት ትምህርት ቤት ዛሬ ለብዙ ዘመን ያገለገሉትን ሲያከብር እኔንም ጠራኝ። የልጄ ስም በሕዝብ ፊት ሲነበብ ለመስማት ሳምንት ሙሉ ጓጉቼ ነበር።

መጀመሪያ ዘበኛው አያ ፈንታ ተጠርተው ጋቢ ለበሱ። ጣሊያን ጥሎት የሄደውን የመኪና ቸርኬ እየደወሉ ያረጁ ሰው ናቸው።

የክብር እንግዳው ንግግር ሲያስረዝሙ ስድስት ሰዓት ሞላ። አያ ፈንታ ከነጋቢያቸው ተነሥተው ቸርኬውን ደወሉት። ተማሪው በሙሉ ወደ ቤቱ ሮጠ!

«ምን ነካዎት አያ ፈንታ? ገና አልጨረስንም እኮ!» አሉ ርዕሰ መምህሩ።

«ሰዓቱ ደርሷላ! ለእኔ ጋቢ ብላችሁ ልጆቹን በረሃብ ልትፈጁ ነው?»

የልጄ ስም የተነበበው ለባዶ ሜዳና ለአንዲት አህያ ነው። ሆድ ሊብሰኝ ሲል ትዝ አለኝ፤ ደወል ሲሰማ ከተማሪዎቹ ቀድሞ የሚሮጠው እሱ ነበር። ብቻዬን እየሳቅሁ እልል አልሁ።

በእናንተም ትምህርት ቤት እንዲህ ያለ ሰው ካለ ጻፉልኝ። ስትጨርሱ ግን ለይበልጣል ነፍሱን ይማር በሉልኝ።